ገመና አይደለም፤ በሽታ ነው

ገጹን ገልጣችሁ ከማለፋችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ይህ ጽሑፍ ስለ ስንፈተ ወሲብ ነው። ይኸውም የስኳር በሽታ ያለበት ወንድ ብልቱ አልቆም እያለው ከባለቤቱ ጋር መተኛት ሲሳነው ስለሚደርስበት ችግር ነው። «ይህ ደግሞ በአደባባይ የሚጻፍ ነገር ነው እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ከእናንተ ቀድሜ ይህንኑ እል ነበር። ዛሬ ግን ክርክሬ ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው። ጨዋነት መስሎን የያዝነው ዝምታ ትዳር እያፈረሰብን፣ አልፎም ሰው እየገደለብን ነው ባይ ነኝ። ካላመናችሁኝ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ተቃወሙኝ።

አገር ቤት ሳለሁ ጎጃም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ዳላስ ከገባሁ ጀምሮ ግን እንጀራዬ ታክሲ ነው። ዕድሜዬ አርባን አልፎ ወደ ሃምሳው እየተጠጋ ነው፤ ስኳር እንዳለብኝ ከተነገረኝ ደግሞ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። በመምህርነቴ ዘመን የልብንና የደም ሥርን ሥራ በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምር ነበር። የሥነ ተዋልዶው ምዕራፍ ሲደርስ ግን «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብዬ አልፈው ነበር። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፣ እኔም አፍራለሁ፣ ደወሉም ይደወላል። ያ ያለፍኩት ገጽ ከብዙ ዓመት በኋላ እኔው ላይ መጣ።

ከራሴ በፊት ግን የአንድ ሰው ታሪክ ላስቀድም። የኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ ወገኖቼ እንደሚያውቁት ተራችን እስኪደርስ በመጠበቂያው ሜዳ ለሰዓታት እንቀመጣለን። ከቴርሞስ ቡና እየቀዳን ስለ ፖለቲካው፣ ስለ ሊዝ መሬቱ፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት እናወራለን። ከእኛ መካከል ሁላችንም ጋሼ እያልን የምናከብራቸው፣ ስኳር ከያዛቸው ዘመን የሌለው አንድ አዛውንት ነበሩ። አንድ ቀን ከዳላስ ወደ ፎርት ወርዝ ሲነዱ ደረታቸውን አፍኖ ያዛቸው፤ እንደምንም መኪናቸውን ዳር አቁመው በአምቡላንስ ተወሰዱ። ልባቸው ላይ ሁለት ስቴንት ገባላቸው። ድነው ሲመለሱ ልጠይቃቸው ሄድኩና ሁለታችን ብቻ ስንሆን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«መምህር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህና እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኛው ነገር አልሠራ ካለኝ አራት ዓመት ሆኖኛል። ከዚህ ከልቡ ጋር ይገናኛል?» አሉኝ።

«ለሐኪምዎ ነግረውት ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ምን ብዬ ልንገረው? ሁልጊዜ የምታስተረጉምልኝ ልጄ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በእሷ አፍ ይህን ላስብል?»

ውድ አንባቢ፤ እኚህ ሰው ፈሪ አይደሉም። በረሃ አቋርጠው፣ በሱዳን ስደተኛ ሆነው ኖረው፣ እዚህ ደርሰው አራት ልጆች ያሳደጉ ናቸው። በአንድ አዳራሽ ሕዝብ ፊት ቆመው መናገር የሚችሉ ሰው በሐኪም ፊት ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው አልወጣ አለች። ስለሆነም አካላቸው አራት ዓመት ሙሉ ሲያሰማቸው የነበረውን የማስጠንቀቂያ ደወል የሚሰማላቸው ሐኪም አልነበረም። ልባቸውን የዘጋው ያ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን ቀደም ብሎ የሚያየው ሐኪም ቢያገኝ ኖሮ ምናልባት እዚያ አውራ ጎዳና ዳር ባልወደቁ ነበር።

«ይገናኛል ወይ?» ላሉት መልሱ «አዎን፣ ይገናኛል» ነው። እንዴት እንደሚገናኝ እንደ ቀድሞው መምህርነቴ ልዘርዝር፤ አሁን ገጹን አላልፍም።

የወንድ ብልት የሚቆመው በጉልበት አይደለም፤ በደም ነው። ስሜት ሲነሳ ነርቮችና የደም ሥሮቹ ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃሉ። እርሱም በደም ሥሩ ግድግዳ ያለውን ጡንቻ ያላላዋል፤ መንገዱ ሲሰፋ ደም ይሞላል፤ የሞላው ደም ደግሞ መመለሻውን ተጭኖ ይዘጋዋል። ናይትሪክ ኦክሳይድ በልብና በደም ሥሮች ውስጥ ስላለው ሥራ ለደረሱበት ነገር ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል (በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከሦስቱ አንዱ ፈሪድ ሙራድ በጊዜው በዚሁ በምንኖርበት ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ይሠሩ ነበር።

ታዲያ ስኳር ምን ያደርጋል? በደም ውስጥ ለዓመታት የተከማቸ ስኳር ሁለቱንም ያበላሻል፤ ነርቩንም የደም ሥሩንም። እግርን የሚያደነዝዘው፣ ዐይንን የሚያፈዝዘው፣ ኩላሊትን የሚያደክመው ያው ስኳር እዚያም ይደርሳል። የብልት የደም ሥር ስፋቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የልብ የደም ሥር ግን ከሦስት እስከ አራት ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሁለቱ ቧንቧዎች እኩል ዝገት ቢይዛቸው ቀድሞ የሚደፈነው የቱ ነው? ቀጭኑ ነው። የልብ ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ስንፈተ ወሲብ የልብ ሕመም ከመገለጡ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ያህል ቀድሞ ሊታይ የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ማለት ችግሩ ያለበት ሁሉ ልቡ ታሟል ማለት አይደለም። ስለ ልቡ መመርመር አለበት ማለት ግን ነው።

«ይህ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ነው» የሚል ካለ ቁጥሩን ይመልከት። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ 145 ጥናቶችን አሰባስቦ፣ ከ88 ሺህ በላይ የስኳር ሕመምተኛ ወንዶችን መረጃ መርምሮ፣ ከመቶው 52 ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። ስኳር ከሌለባቸው ወንዶች ጋር ሲነጻጸር ዕድሉ ሦስት እጥፍ ተኩል ነው። በዚያው በ2017 በትግራይ ማእከላዊና ሰሜን ምዕራብ ዞን ሆስፒታሎች በሚታከሙ የስኳር ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ በተለያየ ደረጃ ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው ገልጧል። እንግዲህ በሠርግም ሆነ በለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ስትቀመጡ ስኳር ካለባቸው ወንዶች ግማሽ ያህሉ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ የሆኑት፣ እያንዳንዳቸው «ይህ በዓለም ላይ የደረሰው በእኔ ብቻ ነው» እያሉ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቄአለሁ። በመጠበቂያው ሜዳ ዳማ ስንጫወት አንዱ ሌላውን «የእገሌ ባትሪ አልቋል፤ ጃምፕ ስጡት» ብሎ ሲቀልድ ከሁሉ አስበልጬ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ ባለቤቴ እስክትተኛ መኪና ውስጥ ሬዲዮ እያዳመጥኩ እቀመጥ ነበር። የሌሊት ሥራ ይሻላል ብዬ ፈረቃዬን የለወጥኩትም ለገንዘቡ አልነበረም።

ለመሆኑ ይህን ያህል የሚያሳፍረን ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ የሚጀምረው ከቋንቋችን ነው። ጀግና ለማለት «ወንድ ነው» እንላለን። ለጠብ ስንነሳ «ወንድ ከሆንክ ውጣ!» እንላለን። ቃሉን የጾታ ስም ብቻ ሳይሆን የክብር ማዕረግ አድርገነዋል። እንግዲህ አንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የደም ሥር ሲጠብ የታመመ አካል እንዳለን አይሰማንም፤ ማዕረጋችን የተገፈፈ ይመስለናል። እስቲ አስቡት፤ በስኳር ምክንያት ኩላሊቱ የደከመን ሰው «ወንድነቱ ጠፋ» የሚለው የለም። ዐይኑ ለፈዘዘውም እናዝንለታለን እንጂ አንስቅበትም። ሁሉንም የጎዳቸው አንድ በሽታ ሆኖ ሳለ ለአንደኛው ሐኪም፣ ለሌላኛው ግን ቀልድ የምናዝዝለት በየትኛው ሚዛን ነው?

ዝምታው ባዶ ሆኖ አይቀመጥም፤ ሌላ ነገር ይሞላዋል። በመጀመሪያ የሚሞላው የጋዝ ስቴሽን ክኒን ነው። በየመደብሩ ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ተሰቅሎ የሚሸጠውን፣ አውራሪስ ወይም ነብር የተሣለበትን «ተፈጥሯዊ» የሚባል እሽግ ሁላችሁም አይታችኋል። እኔ ገዝቼ ውጬዋለሁ፤ ያውም የደም ግፊት መድኃኒት እየወሰድኩ። ተሳፋሪ አድርሼ በኤል ቢ ጄ አውራ ጎዳና ስመለስ ፊቴ ጋለ፣ ዐይኔ ጨለመ፣ እጄ መሪውን መያዝ አቃተው። ዳር ይዤ ቆምኩ። ከአምስት ደቂቃ በፊት ኋላ ወንበር ላይ እናትና ሕፃን ነበሩ። ያን ቀን ሳስበው እስከ ዛሬ ሰውነቴን ይሰቀጥጠኛል።

እነዚህ ክኒኖች ተፈጥሯዊ አይደሉም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ከ2007 እስከ 2016 ድረስ ያልተገለጸ መድኃኒት የተቀላቀለባቸው ናቸው ብሎ ካስጠነቀቀባቸው 776 «ተጨማሪ ምግቦች» መካከል ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው የወሲብ ማነቃቂያዎች ነበሩ። በ2022 ደግሞ በማር መልክ በሚሸጡት ላይ ይኸው መሥሪያ ቤት ለሻጮቹ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። ለስኳር ሕመምተኛ ከዚህም የከፋ አለ። በ2008 በሲንጋፖር ስኳር የሌለባቸው 150 ሰዎች በደማቸው ያለው ስኳር በኃይል ወርዶባቸው ወደ ሆስፒታል ገቡ፤ አራቱ ሞቱ። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ በሕገ ወጥ መንገድ በሚሸጥ የወሲብ ማነቃቂያ ክኒን ውስጥ ግሊቡራይድ የተባለ የስኳር ማውረጃ መድኃኒት ተቀላቅሎ ተገኘ። ቀድሞውኑ ስኳሩን በመድኃኒት የሚያወርድ ሰው እንዲህ ያለውን ቢውጥ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው የዝምታ ፍሬ የትዳር መፍረስ ነው። ባል ሲሸሽ ሚስት ምን ታስባለች? «ሌላ ይዟል» ትላለች፤ ወይም «አስጠላሁት» ብላ ለብቻዋ ታለቅሳለች። ሽማግሌዎች ይጠራሉ። ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ፤ ሥራቸውን ትተው፣ በነጻ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጣሉ። ነገር ግን ስለ ገንዘብ ይጠይቃሉ፣ አገር ቤት ስለሚላከው ይጠይቃሉ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ አማት ይጠይቃሉ። «ወንድማችን፣ ጤናህስ እንዴት ነው?» ብሎ ለብቻ የሚጠይቀው ግን የለም። ስኳር እንዳለበት እያወቁ እንኳ አይጠይቁም። ስለዚህ ለሌለ ጥፋት ዕርቅ ይፈለጋል፤ ያለው በሽታ ግን ሳይነካ ያድራል። እህቶቼም ቢሆኑ ይህን ይወቁ፤ ስኳር ያለበት ባል ሲርቅ ከውሽማ በፊት በሽታን መጠርጠር ይገባል።

ሦስተኛው መተት ፍለጋ ነው። «ሰው አሠርቶብኝ ነው» ብሎ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ አለ። ጸበልን በተመለከተ እኔ ራሴ የምጠመቅ ሰው ነኝና ማንንም አልነቅፍም። ነገር ግን በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውን አንርሳ። ለዚያ የሠራ ለስኳርም ይሠራል። ኤች አይ ቪን ካነሳሁ አይቀር፣ ስሙን እንኳ ለመጥራት አፍረን «ያ በሽታ» እያልን በኖርንባቸው ዓመታት ስንቱን ወጣት እንደቀበርን ሁላችንም እናውቃለን። መነጋገር ስንጀምር ነው መዳን የጀመርነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልመለስ። «ዕድሜ ነው፤ ተፈጥሮን መቀበል ነው» የሚሉኝ አሉ። ዕድሜ የራሱ ድርሻ አለው፤ አልክድም። ነገር ግን በአርባና በሃምሳ ዓመት የመጣውን ሁሉ ለዕድሜ መስጠት ለበሽታው ጠበቃ መቆም ነው። ሲጋራ፣ ከልክ ያለፈ መጠጥ፣ ጭንቀት፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ የሆርሞን ማነስ፣ ሁሉም ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። የቱ እንደሆነ የሚለየው ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

«ቢነገርስ ምን መድኃኒት አለው?» የሚሉም አሉ። አለው። ቫያግራ የተባለው ክኒን በመጋቢት 1998 ነው በዚህ አገር የተፈቀደው። በቀጣዩ ዓመት 268 የስኳር ሕመምተኛ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት ሲታተም፣ እውነተኛውን ክኒን ከወሰዱት 56 በመቶው፣ ባዶውን ከወሰዱት ደግሞ 10 በመቶው ብቻ መሻሻል እንዳገኙ አስረዳ። ሁሉንም አያድንም፤ ከግማሽ በላይ ለሆኑት ግን ይሠራል። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በመድኃኒቱ የትውልድ ስም፣ ሲልዴናፊል ተብሎ በርካሽ ይሸጣል፤ ለወር የሚበቃው በብዙ ቦታ ከአንድ ሰሃን ክትፎ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ክትፎን ካነሳሁ አይቀር ይህን ልጨምር፦ ቅባት የበዛበት ምግብ በልቶ ክኒኑን መዋጥ ሥራውን ያዘገየዋል፤ «አልሠራልኝም» ከሚሉት መካከል አንዳንዱ ያለ ምክር የወሰደ ነው። ክኒኑ ላልሠራላቸው ደግሞ መርፌ አለ፣ የአየር መሳቢያ መሣሪያ አለ፣ በቀዶ ሕክምና የሚገባም አለ። ይህን በፈሳሽ የሚሞላ ተካይ አካል ዶክተር ብራንትሊ ስኮትና ባልደረቦቻቸው በ1973 ለዓለም ያስተዋወቁት ከሂዩስተን ነው። ዓለም ለሕክምና ወደሚመጣበት ክፍለ ግዛት መጥተን በበራፉ ላይ ታመን መቀመጣችን አያስቆጭም?

አንድ ነገር ግን በብርቱ አስጠነቅቃለሁ። ለልብ ሕመም ናይትሮግሊሰሪን ወይም ሌላ የናይትሬት መድኃኒት የሚወስድ ሰው እነዚህን ክኒኖች ፈጽሞ መውሰድ የለበትም፤ የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። ከጓደኛ ኪስ ክኒን ተቀብሎ መዋጥ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከሁሉ በፊት ስኳርን፣ የደም ግፊትንና ኮሌስትሮልን መቆጣጠር፣ ሲጋራ መተው፣ ክብደት መቀነስ፣ በእግር መሄድ ይቀድማል። አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ እየነዱ፣ በቡና ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር እየጨመሩ፣ በሶዳ እያወራረዱ ክኒን መዋጥ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ይህን የምለው ራሴን ወቅሼ ነው።

«ኢንሹራንስ የለኝም» የሚለው እውነተኛ ችግር ነው። ቴክሳስ ሜዲኬይድን ካላስፋፉት ክፍለ ግዛቶች አንዷ ናት፤ የታክሲ ነጂም አሠሪ የለውም። ይሁን እንጂ የዳላስ ካውንቲ ነዋሪ ፓርክላንድ ሄዶ፣ የታራንት ካውንቲ ነዋሪ ደግሞ ፎርት ወርዝ ያለው ጄ ፒ ኤስ ሄዶ በገቢው መጠን የሚሰጠውን እርዳታ መጠየቅ ይችላል። የፌዴራል ድጋፍ ያላቸው፣ ክፍያን በገቢ የሚወስኑ ክሊኒኮችም በሁለቱም ከተሞች አሉ። የጭነት መኪና የሚነዱ ወንድሞቼ ደግሞ «ስኳሬ ከታወቀ፣ ኢንሱሊን ከታዘዘልኝ መንጃዬን እቀማለሁ» ብለው ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ያ የቀድሞ ሕግ ነው። ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩን በሚገባ እንደሚቆጣጠር ሐኪሙ ካረጋገጠለትና የጤና ምርመራውን ካለፈ ልዩ ፈቃድ ሳይለምን መንዳት ይችላል። ስኳርን ደብቆ መንዳት ግን ከዐይንም፣ ከልብም፣ ከትዳርም የሚያጣላ ነው።

የአስተርጓሚው ነገር ከሁሉ በላይ ያንገበግበኛል። ወገኖቼ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ሁሉ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ማስተርጎምን ሕጉ አይፈቅድም። ብዙ ጊዜ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ይገኛል፤ ማንነታችሁን አያውቅም፣ መልካችሁንም አያይም። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብቻ በሉ። ልጆቻችንን ደብዳቤ ያስነብቡን፤ የአባታቸውን አልጋ ምስጢር ግን አናሸክማቸው።

ሐኪሙ ፊት ስትደርሱ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። እኔ የተናገርኩት «ስኳር አለብኝ፤ ከባለቤቴ ጋር መገናኘት ካቃተኝ ሁለት ዓመት ሆኖኛል» የሚል ነበር። ይህን ለማለት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ተናግሬ ለመጨረስ ግን አንድ ትንፋሽ በቃ። ሐኪሟ ሴት ነበረች። አልሳቀችም፣ አልደነገጠችም፤ ጽፋ ስታበቃ «ደረትህንስ ያምህ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ለሐኪሞች በሚያወጣው መመሪያ ይህ ችግር እንዲጠየቅ ይመክራል። ሐኪሙ ቢረሳ እናንተ አስታውሱት።

ለማኅበራትና ለቤተ እምነት መሪዎቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። በየጊዜው የጤና ቀን ታዘጋጃላችሁ፤ ጣት ወግታችሁ ስኳር ትለካላችሁ፤ ምስጋና ይገባችኋል። ነገር ግን ከመለኪያው አጠገብ በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ የተጻፈች፣ ይህችን አንድ ጥያቄ የያዘች ወረቀት አስቀምጡ። በዓመት አንድ ቀንም ለወንዶች ብቻ የሚሆን ውይይት አዘጋጁ። ነርሶችም ፋርማሲስቶችም ከመካከላችን ሞልተዋል፤ ከእኛ የሚጠበቀው አዳራሹንና ድፍረቱን ማዋጣት ነው።

በመጨረሻ ስሜ ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ለምን እንደሌለ ልናገር፤ «ዝምታን እየነቀፈ ራሱ ተደበቀ» የሚል ይኖራልና። ጽሑፉን መጀመሪያ ያነበበችው ባለቤቴ ናት። «ታሪኩ ይውጣ፤ ሰው ይጠቀምበታል። የኔ ድርሻም ስላለበት ግን ስማችን ይቅር» አለችኝ። ሁለት ዓመት ያለ ጥፋቷ ያስለቀስኳት ሴት ናትና ቃሏን አከበርኩ። በመጠበቂያው ሜዳ የሚያውቁኝ ግን ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ። መጥቶ ለሚጠይቀኝ ቡናዬን አካፍዬ፣ ስኳር ሳልጨምር፣ የማውቀውን እነግረዋለሁ። ከአሁን በኋላ ግን «ባትሪው አልቋል» በሚለው ቀልድ አልስቅም። እናንተም አትሳቁ፤ አጠገባችሁ ከሚስቁት አንዱ እንደ እኔ እያለቀሰ ይሆናል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው አባቶቻችን ነግረውናል። እኛ ደግሞ በሽታውን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱንም ደብቀን ኖረናል። ይብቃን።

ቸር ይግጠመን።

ከአንድ የታክሲ ነጂ፣ ዳላስ